ከመድኃኒት ዕፀዋት ውስጥ ፍቱን ቅመም አውጥቶ ስለ ማጥራት

ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ሹማምንትና የመሬት ባለ ይዞታዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በምድር ላይ የሚበቅል ዕፅ ሁሉ ሀብት የሚሆነው ጥቅሙን ላወቀና ካወቀም በኋላ ለጠበቀ ሕዝብ ነው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሰው ኮሶን ለሆድ ትል፣ እንዶድን ለልብስ ማጠቢያ፣ ጭቍኝን ለልዩ ልዩ ሕመም ሲጠቀም ኖሯል። ይህ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው እንጂ ትናንት የተገኘ አይደለም። ነገር ግን ዕፁ ፈዋሽ መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የሚፈውሰውን ኃይል ከዕፁ ለይቶ፣ አጥርቶና መጥኖ መያዝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ክፍል፣ በምን ፈሳሽና በምን ያህል ሙቀት እንደሚወጣ ካልታወቀ፣ ወይ ኃይሉ በሰው እጅ ላይ ይጠፋል፤ ወይ መድኃኒቱ ተመልሶ መርዝ ይሆናል። ሹማምንት ይህን ሥራ በእጃቸው እንዲሠሩት አይጠበቅም፤ ሥራው የሚጀመረው ግን እነርሱ በሚያስተዳድሩት ምድር ላይ ስለ ሆነ አካሄዱን ሊያውቁት ይገባል።

1ኛ፤ ፍቱን ቅመም ማለት ምን እንደ ሆነ

አንድ ቅጠል ወይም አንድ አበባ ሲመዘን ከክብደቱ አብዛኛው ውሃ፣ አሰር፣ ስታርችና ቀለም ነው። የሚፈውሰው ነገር ከዚህ ሁሉ መካከል ጥቂት ሆኖ ተበትኖ ይገኛል። ይህን ጥቂት ነገር የሊቃውንት ቋንቋ ፍቱን ቅመም ይለዋል። የማውጣቱም ሥራ ከብዙው መካከል ጥቂቱን መልቀም ነው።

የዚህን ሥራ ምሳሌ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አረቄ የምታወጣ ሴት ድፍድፉን በእሳት ላይ ጥዳ ስታፈላው፣ አልኮሉ ከውሃው ይልቅ በቀላሉ በእንፋሎት ይወጣና በመቃው አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል፤ አተላው በማሰሮው ይቀራል። ቅቤ የምታነጥረውም ሴት እንዲሁ አሬራውንና ጕድፉን ከቅባቱ ትለያለች። የአንዱን ባሕርይ ከሌላው ባሕርይ በሙቀት ለይቶ ማውጣት ይህ ነው።

በቤተ ሙከራ የሚደረገውም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። መጀመሪያ ዕፁ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ቀጥሎ ይፈጫል፤ ከዚያም ቅመሙን በሚያሟሟ ፈሳሽ፣ ማለት በውሃ ወይም በአልኮል ወይም በኤቴር ይዘፈዘፋል። የተዘፈዘፈው ተጠልሎ ፈሳሹ በዝግታ እንዲተን ሲደረግ ከታች ወፍራም ጭማቂ ይቀራል። ይህ ጭማቂ ገና ድብልቅ ነው። ስለዚህ እርስ በርሳቸው በማይቀላቀሉ ሁለት ፈሳሾች መካከል ይከፋፈላል፤ ቀጥሎም ክሮማቶግራፊ በሚባለው ዘዴ፣ በዱቄት በተሞላ ረዥም የብርጭቆ ቧንቧ ውስጥ እያለፈ እያንዳንዱ ቅመም በየተራው ተለይቶ ይወጣል። በመጨረሻም የጠራው ቅመም እንደ ጨው ቅንጣት ረግቶ ይታያል።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ልክን ለማወቅ ነው፤ ከአንዱ ዛፍ የተለቀመ አበባ ከሌላው ዛፍ ይልቅ ሊበረታ ወይም ሊደክም ይችላልና በእፍኝ የሚሰፈር መድኃኒት ልኩ አይታወቅም። ሁለተኛው የሚጐዳውን ከሚጠቅመው ለመለየት ነው።

2ኛ፤ ስለ ኮሶ

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ከ2,400 እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ይበቅላል። በአገራችን ቋንቋ በሽታው ራሱ ስሙን ከመድኃኒቱ ወስዶ የኮሶ ትል መባሉ፣ የሁለቱ ዝምድና ምን ያህል የቈየ እንደ ሆነ ያስረዳል። ሆኖም የኮሶ ንግድ በሰው ዘንድ ክብር አልነበረውም። የአፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች፣ እናታቸው በድህነታቸው ዘመን ኮሶ ሸጠዋል እያሉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለው ይሰድቧቸው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት ግን የአውሮፓ ሐኪሞች ይህንኑ የተናቀ አበባ ከባሕር ማዶ ያስመጡት ነበር። ጄምስ ብሩስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ዛፉን ገልጾ ጻፈ፤ ከእርሱም በኋላ በቍስጥንጥንያ የነበረ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የመድኃኒቱን ኃይል ለአውሮፓ አስታወቀ። ኮሶም በእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብ ገብቶ መጠኑ ከ7 እስከ 14 ግራም ገደማ ሆኖ ተወሰነ።

የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ አለው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው፤ ዘለላው ዘር ሳይጥል ተለቅሞ ይደርቃል። አያቶች አበባውን ፈጭተው በውሃ በጥብጠው፣ በባዶ ሆድ ከነአሰሩ ይጠጡት ነበር እንጂ አጥልለው ውሃውን ብቻ አይጠጡም ነበር። ይህ ልማድ በከንቱ የመጣ አይደለም። የኮሶ ፍቱን ቅመሞች ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባለው ነገድ ናቸው፤ እነዚህም በአልኮልና በኤቴር ይሟሟሉ እንጂ በውሃ እምብዛም አይሟሙም። ስለዚህ ውሃውን አጥልሎ የጠጣ ሰው ምሬቱን ተሸክሞ መድኃኒቱን በማጥለያው ላይ ጥሎት ይሄዳል።

የአውሮፓ ሊቃውንት ቅመሙን ለይተው ለማውጣት በተነሡ ጊዜ በሌላ በኩል ተሳሳቱ። ፓቬሲ የተባለው ኢጣልያዊ አበባውን ከኖራ ጋራ በአልኮል ዘፍዝፎ፣ ከጠለለ በኋላ አልኮሉን አትንኖ፣ በቀረው ፈሳሽ ላይ የኮምጣጤ አሲድ ሲጨምርበት ቅመሙ እንደ ዝቃጭ ወረደለት። ይህም ቅመም ኮሲን ተባለ፤ ሲጠራም ቢጫ ቅንጣት ይሆናል። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ሌሎች መርማሪዎች አበባውን ያለ ኖራ በኤቴር ቢያወጡት ኮሶቶክሲን የሚባል ሌላ ቅመም አገኙ፤ የትሉንም ጅማት የሚያደክመው ዋናው ኃይል ያለው በዚህ ውስጥ እንደ ሆነ አስታወቁ። ያ ውብ ሆኖ የታየው ኮሲን ኮሶቶክሲን በኖራው ኃይል ሲሰበር የሚገኝ ነገር ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ነገሩ መጥራቱና ማማሩ ብቻ ፍቱን አያደርገውም፤ የማጥራቱ መንገድ ራሱ መድኃኒቱን ሊያጠፋው ይችላል።

ከኮሶ ጋራ ያለው አደጋ ግን በመድከሙ ብቻ ሳይሆን በመበርታቱም ነው። ኮሶን ከልክ በላይ የጠጡ ሰዎች የዓይናቸው ነርቭ ተጐድቶ ብርሃናቸው እንደ ጠፋ ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ብትጠጣው ፅንስ ሊያስወርዳት ይችላል። አበባው እንዳለ ሲጠጣ ይህ ጕዳት ካለ፣ በአልኮል ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ኃይሉ በጥቂት ጠብታ ሲሰበሰብ ጕዳቱ የቱን ያህል ሊበዛ እንደሚችል አስተዋይ ሰው ይገምተዋል።

3ኛ፤ ስለ እንዶድ

ኮሶ ውሃን እንደሚሸሽ ሁሉ እንዶድ ደግሞ ያለ ውሃ አይከፈትም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አጠገብ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው፤ ቀንድ አውጣው ሲሞት የበሽታው መንገድ ይቈረጣል። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሙከራ ውሃው በእንዶድ ሲታከም ከቈየ በኋላ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት መካከል በሽታው ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ዶክተር አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራ በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከልዩ ልዩ አውራጃ ከተሰበሰቡት የእንዶድ ዐይነቶች መካከልም ኃይሉና ምርቱ የበለጠው ተለይቶ ዐይነት 44 ተባለ።

የእንዶድ ፍቱን ቅመም ሳፖኒን ነው፤ አረፋ የሚያወጣውም እርሱ ነው። በፍሬው ውስጥ ሳለ ይህ ሳፖኒን በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ታስሮ ስለሚቀመጥ ቀንድ አውጣውን አይገድልም። ፍሬው ተፈጭቶ በውሃ ሲርስ፣ በፍሬው ውስጥ የነበረ ኤንዛይም የሚባል፣ እንደ እርሾ የሚሠራ ነገር ተነሥቶ አንደኛውን ሰንሰለት ይቈርጠዋል፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ይፈታል። ሰው ብልኀት ያደረገ መስሎት ደረቁን ዱቄት በቀጥታ በብርቱ አልኮል ቢዘፈዝፈው፣ ኤንዛይሙ ሥራውን ሳይሠራ ስለሚቀር ቅመሙ እንደ ታሰረ ይወጣል። ልብስ አጣቢዋ ሴት በወንዝ ዳር ፍሬውን ወቅጣ በውሃ ስታሸው የምታደርገው ሥራ ትክክለኛው ሥራ ነበር።

ጊዜውም እንዲሁ ልዩነት ያመጣል። የእንዶድ ፍሬ ኃይሉ የሚበረታው መጠኑን ከፈጸመ በኋላ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ቀልቶና ጠቍሮ ከበሰለ በኋላ ኃይሉ ይቀንሳል። ደግሞም ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል፣ ያለ ዐዋቂ ትእዛዝ ወደ ወንዝ ሊጣል አይገባም።

4ኛ፤ ስለ ሙቀት፣ እንዲሁም ስለ ጭቍኝ

የሙቀትን ነገር ለማስረዳት የቻይና አገር ምሳሌ ይበቃል። ቱ ዮዮ የተባለችው ሊቅ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ፣ አንድ የአርጤምስያ ዐይነት ዕፅ አንድ ጊዜ ኃይል ሲያሳይ፣ ሌላ ጊዜ ሲከሽፍ አየች። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረ ጌ ሆንግ የተባለ ሐኪም ስለዚሁ ዕፅ ሲጽፍ፣ ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት እንጂ ማፍላትን አላዘዘም። ከዚህም ተነሥታ ሙቀቱ ኃይሉን እንደሚያጠፋው አስተዋለች፤ በ35 ዲግሪ በሚፈላው በኤቴር ብታወጣው መድኃኒቱ ጸና። በ1972 ከሥራ ጓደኞቿ ጋራ ቅመሙን አጥርታ አርቴሚሲኒን አገኘች፤ በ2015 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለች። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የመንዝ ደጋ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ይህም ከኤቴሩ ሙቀት ብዙ የበለጠ ነው።

በደጋችን ያለው ጭቍኝ የዚሁ ዕፅ ዘመድ ነው። ዘመድ መሆን ግን አንድ መሆን አይደለም፤ የወባው ቅመም በጭቍኝ ውስጥ የለም፣ ቢገኝም ለመድኃኒት የማይበቃ ኢምንት ነው። ስለዚህ ከጭቍኝ የወባ መድኃኒት አውጥቻለሁ ብሎ ወደ መርሐ ቤቴ ቈላ ወርዶ የሚሸጥ ሰው ቢነሣ፣ የሚሸጠው ተስፋን ነው እንጂ ፈውስን አይደለም። በእውነተኛው የቻይና ዕፅ እንኳ ቢሆን፣ ቅጠሉን እንደ ሻይ አፍልቶ ለወባ መጠጣትን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መግለጫ አልደገፈውም።

5ኛ፤ ከሹማምንትና ከባለ ይዞታዎች የሚጠበቅ ሥራ

በዛሬው ቀን ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የሚባሉ፣ ልካቸው የታወቀ ኪኒኖች አሉ። ስለዚህ ኮሶ ለምን ይጠበቃል የሚል ቢኖር መልሱ ይህ ነው፤ አንድ ዕፅ በውስጡ ያለው ቅመም ሁሉ ገና ተመርምሮ አላለቀም፤ እንዶድ ከልብስ ሳሙናነት ወደ በሽታ መከላከያነት የተሸጋገረው ተክሉ በመኖሩና የሴቶቹ ልማድ ባለመጥፋቱ ነው። የጠፋን ዛፍ ማንም ቤተ ሙከራ አያስነሣውም። የኮሶ ግንድ ደግሞ ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ በመጥረቢያ ሲያልቅ ኖሯል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቍጥር 94 ኮሶን ከጽድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋራ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጥ መከልከሉም ስለዚህ ነበር።

የመንዝ ሕዝብ ለመጠበቅ መምህር አያሻውም። የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዐት ለዓመታት እየተዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ በጋራ እየተከፈተ እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ ተጠብቆ ኖሯል፤ ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ ራሱ ባቆመው ማኅበር ጥበቃውን አድሶታል። ለሣር የተደረገው ለመድኃኒት ዕፅ ሊደረግ ይቻላል። ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል።

ሀ/ የሴቴ ኮሶ ዛፎች በየቀበሌው ተቈጥረው ይታወቁ። አበባው ሲለቀም ቅርንጫፉ አይሰበር፤ ከየዛፉም ቢያንስ እኩሌታው ዘለላ ለዘር ይተው። ዘለላው በየዓመቱ ሁሉ ተለቅሞ ያለቀበት ዛፍ ቆሞ ቢታይም መካን ነው። ወንዴውም ለመድኃኒት አይሆንም ተብሎ አይቈረጥ፤ ያለ እርሱ ዘር የለም።

ለ/ ለምርመራ የሚላክ ዕፅ ጭስና እርጥበት በሌለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይድረቅ። የሻገተው ይጣል። የኮሶ አበባ ሲቈይ ኃይሉ ስለሚደክም ያለፈው ዓመት ከዘንድሮው ጋራ አይቀላቀል።

ሐ/ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የዕፁ ስም በአገሩ አጠራር፣ የተለቀመበት ስፍራና ቀን፣ የተለቀመው ክፍልም ይጻፍ፤ ቅጠልና አበባ ያለበት አንድ ቅርንጫፍም በወረቀት መካከል ተጭኖ አብሮ ይላክ። ስሙና ስፍራው ያልታወቀ ዱቄት ለመርማሪ ከገለባ አይሻልም።

መ/ የተጨመቀና የተጠናከረ የኮሶ ጭማቂ፣ ወይም ልኩ ያልታወቀ ሌላ መድኃኒት በገበያ ቢታይ፣ ሹሙ ወዲያው ለጤና ባለሥልጣኖች ያስታውቅ። የሆድ ትል ያለበት ሰው፣ ይልቁንም ሕፃንና ነፍሰ ጡር፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ይመከር።

ሠ/ ዘር፣ ቅጠል ወይም ሥር ለምርምር የሚሰበስብ ሰው ሲመጣ፣ የውጭም ሆነ የአገር ተወላጅ ቢሆን፣ ፈቃዱ አስቀድሞ ይጠየቅ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 482 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የአገሪቱን የዕፀዋት ዘር ሀብትና የማኅበረሰብን ዕውቀት እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ዕውቀቱ የወጣበት ሕዝብም ከጥቅሙ እንዲካፈል መብት ይሰጣል።

ይህ የመጨረሻው ነገር እንደ ቀላል አይታይ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1990 በአሜሪካ ወደሚገኘው ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ፣ በዚያ አገር የውሃ ቧንቧ የሚደፍን የዛጎል ዐይነት አይተው እንዶድ ይገድለው ይሆናል ብለው አሳሰቡ። ሙከራውም ተሳካ፤ የፈጠራ መብቱ ግን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። ዕፁ የኢትዮጵያ ነበር፤ ዕውቀቱም የወንዝ ዳር ሴቶች ነበር።

እንግዲህ ከዕፅ ውስጥ ፍቱን ቅመምን ማውጣት በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ የሚፈጸም ቢሆንም፣ የሚጀመረው በመንዝ ጓሮ፣ በግሼ ገደል አፋፍና በመርሐ ቤቴ አጥር ሥር ነው። ለቀማው ከተበላሸ የሊቁ ብልኀት አይጠግነውም፤ ዛፉ ከተቈረጠ ዐዋጅ አያበቅለውም፤ ዕውቀቱ ካለ ሕዝቡ ፈቃድ ከወጣ ጥቅሙ ወደ ባለቤቱ አይመለስም። እነዚህን ሦስቱን መጠበቅ የእያንዳንዱ ሹምና የእያንዳንዱ ባለ ይዞታ ሥራ ነው።